ያቺን አስር ማን አስቀመጣት?

የመጀመሪያ ሥራዬ ማባዛት ነበር። እየቀለድኩ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ ስፈልግ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ በአንዱ (የቱ እንደሆነ ይቅር፣ ለነገሩ ለውጥ አያመጣም) የካሳ ክፍያ የሚያሰላ ቡድን ውስጥ ለአራት ወር በኮንትራት ተቀጠርኩ። ኤክሴሉ ላይ ስም አለ፣ የመሬት ስፋት አለ፣ የጤፍና የስንዴ ምርት በኩንታል አለ፣ የገበያ ዋጋ አለ። የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ ታወጣለህ። ከዚያ በአስር ታባዛለህ። ከዚያ ፊርማ። የሚቀጥለው ሰው።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ጠረጴዛዬ ፊት ተቀመጡና የራሳቸውን መስመር እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። አሳየኋቸው። አማርኛቸው ኦሮምኛ የተቀላቀለበት ነው፣ የእኔ ኦሮምኛ ደሞ አማርኛ የተቀላቀለበት፣ ተግባባን።

«ይሄ አስር ምንድነው?»

«አስር ዓመት ነው፣ ኦቦ። መሬቱ ላይ ቢቆዩ በአስር ዓመት የሚያገኙት ማለት ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ «አስራ አንደኛው ዓመትስ የማን ነው?»

«ሕጉ ነው፣ ኦቦ» አልኳቸው።

ጥያቄያቸውን እንዳልመለስኩ ሁለታችንም ገብቶናል። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። እኔም ፈረምኩ። ስሌቱ ትክክል ነበር፣ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ስሌቱ ስህተት ቢሆን ኖሮ አርሜው እተኛ ነበር።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ አቶ ቡልቻ ደመቅሳ ነው። ግን ሽማግሌውን ሳላስቀድም ስለ እሳቸው መጻፍ አልቻልኩም፣ ምክንያቱም የአቶ ቡልቻን ሕይወት እንደ ዕዳ ማየት የጀመርኩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ገንዘብ የሚያውቅ ሰው፣ ማለትም ቁጥር የሚሠራ፣ በጀት የሚያነብ፣ ባንክ የሚያቋቁም ሰው፣ ፖለቲካ ውስጥ የመግባት ግዴታ አለበት ወይ? «ይችላል ወይ» አላልኩም። «ያዋጣዋል ወይ» የሚለውማ መልሱ ይታወቃል።

ከአዲስ አበባ በሦስት መንገድ ስትወጡ ሦስቱን ከተሞች ታገኛላችሁ። በጅማ መንገድ ሰበታ። እንጦጦን ተሻግራችሁ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ። በአምቦ መንገድ ደግሞ፣ ገፈርሳ ግድብ ሳትደርሱ፣ ቡራዩ። ቡልቻ ደመቅሳ የተወለዱበት ቦጂ ምዕራብ ወለጋ ነው። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው በነቀምቴ፣ በአምቦ አድርጎ በቡራዩ በኩል ነው የሚገባው። የኔ ሰፈር መንገድ የእሳቸው መንገድ ነበር ማለት ነው። እሳቸው ሲያልፉበት ግን ግራና ቀኙ እርሻ ነበር።

በዚያ መንገድ የገባው ልጅ ረጅም ሄደ። አሜሪካ ተማረ። በንጉሡ ዘመን ምክትል የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ። በዓለም ባንክ ቦርድ የአፍሪካ አገሮችን ወከለ። ከዚያም በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ለዓመታት ሠራ። ደርግ ሲወድቅ ዕድሜው ስልሳ አልፎት ነበር። አብዛኛው ሰው በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ የሥራ ታሪክ፣ በዶላር ጡረታ ውጭ አገር አትክልቱን ይኮተኩታል። (እኔ ብሆን እኮተኩት ነበር፣ አልዋሽም።) እሳቸው ተመለሱና ባንክ አቋቋሙ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም የዛሬ ወጣት ባንክ መክፈትን አክሲዮን የመሸጥ ማስታወቂያ አድርጎ ነው የሚያውቀው። ደርግ ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ባንኮቹን ሁሉ ወረሰ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በዚህ አገር የግል ባንክ የሚባል ነገር አልነበረም። በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 84 ወጣና በሩ ተከፈተ። ኅዳር 1 ቀን 1987 ዓ.ም. አዋሽ ባንክ በ486 መሥራች ባለአክሲዮኖችና በ24.2 ሚሊዮን ብር ካፒታል ተመሠረተ፣ የካቲት 6 ሥራ ጀመረ። ፕሬዚዳንቱ አቶ ቡልቻ ነበሩ። የሂሳብ ሰው ነኝና አካፈልኩት፦ በነፍስ ወከፍ ወደ 50 ሺህ ብር ይደርሳል። በ1987 ዓ.ም. 50 ሺህ ብር ምን እንደነበር ወላጆቻችሁን ጠይቁ። 486 ሰዎች ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም ያላየውን ነገር አምነው ያንን ብር አወጡ። ባንክ ከብር በፊት እምነት ነው የሚባለው አባባል ሰልችቶኛል፣ ግን እዚህ ላይ እውነት ነው። ዛሬ አዋሽ ከአገሪቱ ትልልቅ የግል ባንኮች አንዱ ነው፤ ቅርንጫፎቹ በሦስቱም ከተሞች አሉ።

ታሪኩ እዚህ ቢቆም ያማረ ታሪክ ነው። የሥራ ፈጠራ መድረክ ላይ የሚነገር ዓይነት።

አልቆመም። አቶ ቡልቻ ሰባ አምስት ዓመታቸው ገደማ ላይ በ1997 ምርጫ ዋዜማ ፓርቲ መሠረቱ፣ የኦሮሞ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ። ተወዳድረው ገቡ። ፓርቲው 547 ወንበር ባለው ምክር ቤት 11 ወንበር አገኘ። ሁለት በመቶ። በ2002 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545 ሲይዙ ለሌላው የቀረው ሁለት ወንበር ብቻ ነበር፣ ከሁለቱ አንዱም የእነሱ አልነበረም። በነሐሴ 2003 ከፓርቲው አመራሮች አንዱ የሆነው መምህር በቀለ ገርባ ታሰረ። በ2004 ንቅናቄው ከኦሮሞ ሕዝብ ኮንግረስ ጋር ተዋሕዶ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ ሆነ፣ ስሙም በዚያው አበቃ።

አንድ የባንክ ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ስነግረው እንደ ብድር ማመልከቻ ነው የገመገመው። «የመጀመሪያው ፕሮጀክት አትራፊ፣ ሁለተኛው ኪሳራ። ባንኩ ላይ ቢቆዩ ይሻል ነበር። አንድ ሰው በ11 ወንበር ምን ያመጣል? በዚያ ጊዜና ጉልበት ስንት ገበሬ ብድር ያገኝ ነበር!» ከልቡ ነው ያለው። ደካማ ክርክርም አይደለም። በእርግጥ የሚበላ ነገር የሚሠራ ሰው የማይሰማ ንግግር ከሚናገር ሰው ይበልጣል የሚለው ስሜት በኛ ትውልድ ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። ፖለቲካ አይተናል። ደክሞናል።

ግን «ስንት ገበሬ ብድር ያገኝ ነበር» የሚለውን እስቲ እንየው። ገበሬው ለባንክ ምን ያስይዛል? መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40። ለረጅም ዘመን የገጠር ገበሬ መሬቱን አስይዞ ከባንክ መበደር አይችልም ነበር። ያንኑ መሬት ከእሱ ተወስዶ በሊዝ የወሰደው ባለሀብት ግን የከፈለውን ያህል የሊዝ መብቱን ማስያዝ ይችላል። ያው አፈር ነው። ገበሬው እጅ ሲሆን የሚቆጠረው በኩንታል ነው፣ ባለሀብቱ እጅ ሲገባ በካሬ ሜትር። ይህን ልዩነት የፈጠረው ባንክ አይደለም፣ የትኛውም የባንክ ፕሬዚዳንትም አያጠፋውም። የፈለገ ቅን ይሁን፣ የፈለገ ሊቅ ይሁን፣ እዚያ ግድግዳ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ግድግዳው የተሠራው ሌላ ቤት ውስጥ ነው፣ እጅ እየተነሳ።

አስሯም የተሠራችው እዚያው ቤት ነው።

ለዓመታት አስርን የሂሳብ ነገር አድርጌ ነበር የማያት፣ እንደ ፓይ፣ እንደ ወለድ ቀመር። በኋላ አዋጁን ከፍቼ አነበብኩ። አዋጅ ቁጥር 455/1997። የአምስት ዓመት አማካይ የዓመት ገቢ፣ ሲባዛ አስር። ለምን አስር? ለምን ሃያ አልሆነም? ለምን ሰባት? ከየትኛውም የሂሳብ መጽሐፍ አስርን ማውጣት አትችሉም። አንድ ሰው አስቧት፣ ሌላው ጽፏት፣ ሌሎች እጃቸውን አውጥተው አጽድቀዋት ነው እኔ ኤክሴል ላይ የገባችው። አማካዩ ሂሳብ ነው። ማባዛቱ ሂሳብ ነው። አስሯ ግን ፖለቲካ ናት። እኔ «ሕጉ ነው» ስል ሂሳቡን ከለላ አድርጌ ፖለቲካውን እያስፈጸምኩ ነበር።

አዋጁ የወጣው በሐምሌ 1997 ነው። ምርጫው ግንቦት ላይ ተካሂዷል፣ አዲሱ ምክር ቤት ግን ገና አልተሰበሰበም። አቶ ቡልቻና አሥር ባልደረቦቻቸው ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ መስከረም ሊያልቅ ነበር። አስሯ ቀድማቸው ገብታለች። እንደ ገጠመኝ ልትወስዱት ትችላላችሁ። እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል፣ ምክንያቱም በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሊገቡ ከነበሩት መካከል ያቺን ቁጥር አይተው «ይህ ቁጥር እንዴት መጣ?» ብለው ለመጠየቅ ዕውቀቱ የነበራቸው ሰው እሳቸው ነበሩ። ቢጠይቁ ደሞ ይሸነፉ ነበር፣ ይሄም ግልጽ ነው።

እዚህ ላይ አቶ ቡልቻን ቅዱስ ለማድረግ የሚፈልግ ሰው ይቸግረዋል። ሰውየው የንጉሡ መንግሥት ምክትል ሚኒስትር ነበሩ። በዚያ መንግሥት ሥር በደቡብና በምዕራብ ጭሰኛው የምርቱን ግማሽና ከዚያም በላይ ለባለርስት ይገብር ነበር። የዚያ ዘመን ገንዘብ ሚኒስቴር ራሱ ቁጥር ከገበሬ ጋር ሲጋጭ አይቷል፦ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ጎጃም አመጸ። ወረቀቱ ላይ ቀመሩ ዘመናዊ ነበር፣ ፍትሐዊም ይመስል ነበር። ገበሬው ግን ወረቀቱን አልነበረም የሚያየው፣ ሊለካው የመጣውን ሰው ነበር። ለኔ ይሄ የሽማግሌው ጠረጴዛ ሌላ ስሪት ነው፣ በሱሉልታ በኩል በሚሄደው በዚያው መንገድ ጫፍ ላይ የተፈጸመ። ስለዚህ አቶ ቡልቻ ከውጭ ሆነው የመጡ ንጹሕ ሰው አልነበሩም። ከጠረጴዛው ወዲህ፣ ፊርማ በሚፈረምበት በኩል፣ ተቀምጠው ያውቃሉ። እኔን የሚስበኝም ይሄው ነው። በዚያ በኩል ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው በእርጅናው ተነስቶ ወደ ሌላኛው በኩል ሲዞር ምን ማለት ነው?

ማክስ ቬበር የሚባለው ጀርመናዊ በ1919 እ.ኤ.አ. ሙኒክ ላይ ለተማሪዎች ስለ ፖለቲካ ሲናገር ሁለት ዓይነት ሥነ ምግባር ለይቶ ነበር፦ ውጤቱ ምንም ይሁን ያመነበትን የሚያደርግ ሰውና ለውጤቱ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው። የኛ ክርክርም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚሽከረከረው፣ ጀግናና ተግባራዊ። ባንክ ያቋቋመ ሰው ግን ውጤት የማይቆጥር ህልመኛ ሊባል አይችልም። 11 ወንበር ከ547 ስንት በመቶ እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። አውቆ ገባ። ኪሳራውን አስልቶ የገባ ሰው ለጀግንነትም ለተግባራዊነትም አይመችም፣ ለእሱ ሌላ ቃል ያስፈልጋል። እስካሁን አላገኘሁለትም።

ከባንክ ወደ ፖለቲካ መሄድ በራሱ ብርቅ ነገር አይደለም። ጆርጂያን እዩ፣ ትንሽ አገር ናት፣ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ እንደ ቤተ ሙከራ ናት። ላዶ ጉርጌኒዜ የጆርጂያ ባንክን መርቶ በ2006 እ.ኤ.አ. ለንደን የአክሲዮን ገበያ ላይ አስመዘገበ፣ በ2007 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ወርዶ ወደ ባንክ ተመለሰ። ቢድዚና ኢቫኒሽቪሊ ሩሲያ ውስጥ በባንክና በብረታ ብረት ቢሊየነር ሆኖ ተመለሰ፣ በ2012 ምርጫ አሸነፈ፣ እሱም አንድ ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ለቀቀ። ከለቀቀ በኋላም ገመዱ በእጁ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ሁለቱም የገቡት ሥልጣን ባለበት በር ነው፣ ወይ ተጋብዘው ወይ በራሳቸው ገንዘብ ከፍተውት። ገንዘብ የሚያውቅ ሰው ፖለቲካ ገባ ሲባል በአብዛኛው ዓለም የሚታሰበው ይሄ ነው፣ ወደ ቁልፉ መሄድ።

አቶ ቡልቻ የገቡበት በር ቁልፍ ወደሌለበት ክፍል ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ማይክሮፎን ብቻ ነው፣ እሱም በሰዓት። በዚያ ማይክሮፎን ቁጥርን በስሟ መጥራት ግን ይቻላል። አስርን «ሕግ» ሳይሆን «የመረጣችኋት ቁጥር» ብሎ መጥራት። የካሳ ቡድኑ ውስጥ እኔም ማይክሮፎን ነበረኝ ለማለት ነው። አንድ ሽማግሌ የሚሰማበት ማይክሮፎን። «አስራ አንደኛው ዓመት የማን ነው?» ሲሉኝ «ትክክለኛ ጥያቄ ነው ኦቦ፣ እኔም አላውቅም፣ ይህን ቁጥር የመረጡት ሰዎች ናቸው» ብላቸው ምን እሆን ነበር? ምናልባት ኮንትራቴ አይታደስም። አራት ወር ሲሞላው ለነገሩ አልታደሰም።

ቀጥሎ የሆነውን ታውቃላችሁ። በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን መጣ፣ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም በካርታው ውስጥ ነበሩ። ተማሪዎች ወጡ፣ አምቦ ላይ ሰው ሞተ። በኅዳር 2008 ከጊንጪ እንደገና ተነሳ፣ በዚህኛው አገር ሁሉ ተያያዘ። በጥር ላይ ፕላኑ ተሰረዘ ተባለ። ተቃውሞው ግን አልቆመም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ አዋጅ ቁጥር 1161 ወጣና አስር አስራ አምስት ሆነች። የአምስት ዓመት አማካይ የነበረውም ከሦስት ዓመት ውስጥ ከፍተኛው ሆነ።

አስራ አምስት። ለካ ይቻል ነበር።

ቁጥሯን የቀየራት ያ ሁሉ ደም ነው ብዬ ሰንጠረዥ ላይ ላስቀምጠው አልችልም፣ ምክንያትና ውጤት እንደዚያ በአንድ መስመር አይሄድም። ግን ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። ያኔ በአዳራሹ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ሃምሳ፣ መቶ ሰው፣ እኔንም የመሰለ ቁጥር የሚያውቅ ሰው ከየጠረጴዛው ተነስቶ «ይቺ አስር ከየት መጣች?» ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ጥያቄው ወደ ጎዳና ሳይወርድ ይመለስ ነበር? አላውቅም። ባልደረባዬ «ህልም» ይለዋል። የሞቱት ግን በአብዛኛው የኔ እኩዮችና ከኔ ያነሱ ናቸው፣ ማባዛት ያልተቀጠሩ ልጆች። እኔ በዚያ ወቅት የደሞዝ ጭማሪ አግኝቼ ነበር።

አሁን ባንክ ነው የምሠራው፣ ፖለቲካ ውስጥም አልገባሁም። ይህን ጽሑፍ እያነበባችሁ «አንተስ?» ካላችሁ መብታችሁ ነው። ሰፈራችን የሚጠራውን ስብሰባ እሄዳለሁ፣ አንዳንዴ እጄን አወጣለሁ። በቃ፣ ይሄው ነው።

አስሩ ዓመት በ2015 አለቀ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሸገር ከተማ በሚባል አዲስ ስም ሥር የተጠቃለሉበት ዓመት ነው። እርሻው የነበረበት ቦታ መጋዘን ሆኗል፣ አልፌው እሄዳለሁ። በ2016፣ በአስራ አንደኛው ዓመት መሆኑ ነው፣ አንድ ወጣት አያቱን ደግፎ ቅርንጫፋችን ገባ። አያትየው ሂሳብ መክፈት ይፈልጋሉ፣ ልጁ ከውጭ የሚልክላቸውን የሚቀበሉበት። እሳቸው ይሁኑ አይሁኑ እርግጠኛ አይደለሁም። ጋቢው ያው ጋቢ ነው፣ ፊት ግን በአስራ አንድ ዓመት ይለወጣል። አላስታወሱኝም፣ ወይም ማስታወስ አልፈለጉም። ቅጹን እኔ ሞላሁላቸው። ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ። «ሥራ» የሚለው ላይ ስደርስ ወጣቱ «ሥራ የላቸውም፣ ጡረታ በለው» አለኝ።

ሽማግሌው እጃቸውን ቅጹ ላይ አሳረፉ።

«ገበሬ ብለህ ጻፍ» አሉኝ።

ጻፍኩ። ከሥሩ «የወር ገቢ» የሚል ባዶ ሳጥን ነበር፣ ብዕሬን እንደያዝኩ ቀና ብዬ አየኋቸው።